የቴምቢሳው ተቆጣጣሪያችን

የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ አላነሳም። ጆሃንስበርግ ላይ ይህን ያህል ዘመን በሰላም የኖርኩት በዚህ ነው እላቸዋለሁ ልጆቼን፤ እነሱ ይስቁብኛል። ባለፈው ሐሙስ ግን አንድ ቁጥር አልተው ሲለኝ አነሳሁና ዝም አልኩ። ደዋዩ ይናገር እንጂ እኔ ቀድሜ አልናገርም። የሴት ድምፅ ነው። «ማሉሜ» አለችኝ፤ በዙሉ አጎቴ ማለቷ ነው። ኖምሳ ነኝ፣ የባባ ዝዋኔ ልጅ፣ አባቴ ዐረፈ፣ ቅዳሜ ቴምቢሳ ይቀበራልና ብትመጣ ደስ ይለናል አለች። ባባ ዝዋኔ ያኔ ሱቃችን የነበረበትን ጋራዥ ያከራየን ሽማግሌ ነው። ነፍስ ይማር ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ተቀምጬ ማሰብ ጀመርኩ። ቁጥሬን ማን ሰጣት? ከዚያ ቤት ስወጣ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሚስት አግብቷል፤ አሁን ምን ፈልገው ነው? መዋጮ ይሆን? ወይስ የኪራይ ቀሪ አለብህ ሊሉኝ ነው? ሳላስበው ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ የማወራው፣ ሚስቴ ከበሩ ላይ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ሞተ ነው እኮ ያሉህ» አለችኝና ሄደች።

ቅዳሜ ሄድኩ። መኪናዬን ከድንኳኑ ራቅ አድርጌ፣ ቶሎ ለመውጣት በሚመች በኩል አቆምኩ። ድንኳኑ ጋ ሳልደርስ ሽታው ተቀበለኝ። እነዚህ ሰዎች ለቀብራቸው ከማሽላ የሚጠምቁት ቢራ አለ፤ ወፍራም፣ ጎምዛዛ፣ ጠላ ልሁን ቦርዴ ልሁን ሲል ሳይቆርጥ የቀረ። በትልቅ ባልዲ ሞልተው ከድንኳኑ ጀርባ አኑረውታል። የብቅሉ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የቆምኩበትን ረሳሁት። ባባ ዝዋኔ ግቢው ውስጥ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሲያወራ፣ ሸምሱ ደግሞ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲስቅ ታየኝ። ሸምሱን ካነሳሁ እንግዲህ ከሥሩ መጀመር አለብኝ።

ወደዚህ አገር ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም። ጄፒ መንገድ ላይ፣ ዛሬ አበሻ የሞላቸው ሕንፃዎች ገና ግማሽ ባዶ ሳሉ፣ አንዱ ደረጃ ላይ ሻንጣዬን በእግሮቼ መካከል አጣብቄ ተቀምጬ ያገኘኝ ሸምሱ ነው። የስልጤ ሰው ነው፣ እድሜ እኩያዬ፤ አማርኛውን የለመደው መርካቶ ጨርቅ ተራ ሲሠራ ነው። «አበሻ ነህ? ተነስ» አለኝ፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ክፍሉ ወስዶ ፍራሹን አካፈለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደግነቱን አላመንኩትም፤ ሻንጣዬን ተንተርሼ ነው ያደርኩት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ነው ያደግሁት። በማግስቱ አልጋ ልብስ አሸክሞኝ ሎኬሽን ወጣን፤ ሎኬሽን የምንለው የጥቁሮቹን ሰፈር ነው። ወይ ያ ጊዜ! ትልልቅ አበባ ያለበት ቀይ አልጋ ልብስ፣ ጠርዙ ዘርፍ ያለው፣ ባለዚፕ ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ። በር እያንኳኳን «ሳውቦና ማማ» እያልን፣ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ደመወዝ ሲወጣ እያልን እንሸጣለን። ሸምሱ በጋም ክረምትም የማያወልቃት ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነበረችው። ዳቦ ሁለት ራንድ ከምናምን ነበር። ታክሲ ውስጥ ሒሳቡ ከኋላ ወደፊት በሰው እጅ እየተላለፈ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል፣ መልሱም እንደዚያው ይመለሳል፤ ሸምሱ መስኮቱን ተደግፎ ሲያንጎራጉር እኔ መልሴ በማን በማን እጅ እንዳለፈች እየተከታተልኩ ጉዞው ያልቅ ነበር። በየማዕዘኑ ጎረምሶች መኪና ከፍተው ያንን እየተጎተተ የሚሄደውን ክዋይቶ የሚሉትን ዘፈን ያስጮኻሉ። አሁን በዚያው ሳልፍ ሁሉም አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል፣ በር ቢያንኳኩም የሚከፍት የለም።

ትንሽ ገንዘብ ስናጠራቅም የባባ ዝዋኔን ጋራዥ ተከራይተን ስፓዛ ከፈትን። ስፓዛ የሰፈር ሱቅ ነው፤ ደንበኛው ውጪ ቆሞ በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ ስኳር፣ ዘይት፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ፣ ሲጋራ በነጠላ፣ ለአሮጊቶች ሱረት ይገዛል። እኛ እዚህ አገር ሱቅ የምንይዝበት ሥርዓት አለን። ሁለት ሸሪክ ሆነህ አንዱ ሁለት ወር ሱቅ ይገባል፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ያድራል፤ ሌላው ውጪ ሆኖ አልጋ ልብሱን ይሸጣል፣ ዕቃ ያመጣል፣ ሰርክ ብቅ እያለ የሸሪኩን ደህንነት ያያል። ብቻውን ሱቅ የያዘ ሰው ወንበዴ ቢመጣበት ማን ይደርስለታል? ተራው ሲያልቅ ሱቁ ግማሽ ቀን ይዘጋና ሁለቱም ቁጭ ብለው ዕቃውን ይቆጥራሉ፣ ቁልፍ ይረካከባሉ። ሐሳባችን ከዚያ ቮስሎሩስ የሚባል ሎኬሽን ሁለተኛ ሱቅ መክፈት፣ ቤተሰብ ማምጣትና ቤት ጎን ለጎን መከራየት ነበር። ሸምሱ የቤቶቹን በር ቀለም ሳይቀር መርጦ ነበር።

ቆጠራ ደግሞ የኔ ሞያ ነው። አዲስ አበባ፣ በወታደሮቹ ዘመን፣ የመንግሥት የንግድ ድርጅት ውስጥ ካኪ ኮት ለብሼ መጋዘን የምቆጥር ሰው ነበርኩ። እዚያ የተማርኩት ሁሉም ልክ የሆነበት መጋዘን እንደማይታመን ነው። ትንሽ ከጎደለ ሰውየው እንደኛው ሰው ነው፣ ምንም ካልጎደለ ግን አዋቂ ሌባ ነው ይሉን ነበር አለቆቻችን። የመጀመሪያው የሸምሱ ሁለት ወር ሲቆጠር ታዲያ ልክ መጣ። ክብሪት እንኳ አልጎደለም። እሱ ደስ ብሎት የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዝቶ ጋበዘኝ። እኔ እየበላሁ፣ እንዴት ነው ነገሩ እላለሁ በሆዴ።

ባባ ዝዋኔ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ላባ የተሰካባት ቡኒ ባርኔጣ፣ ሰደርያ፣ የሚያብረቀርቅ ባለሁለት ቀለም ጫማ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ይቀመጣል። ግቢህ ውስጥ ለማን ነው የምትዘንጠው ስለው፣ ጉልበቴን የጨረስኩት ቡትቶ ለብሼ ስለሆነ ነው አለኝ። ቡትቶውን ያስለበሰው መንግሥት ነበር። ያ አገሩን በቅኝ የያዘው የነጮች መንግሥት የንግድ ክፍል ነበረው። ይህንኑ ጎምዛዛ ቢራ እየጠመቀ በራሱ አዳራሾች ለጥቁሮቹ ይሸጣል፤ ሌላ ሰው መጥመቅ ክልክል ነው። ቤቷ ጠምቃ የተገኘች ሴት ፖሊስ ጋኗን በእርግጫ ይገለብጥባታል፤ የፖሊሱ ደመወዝ ደግሞ ከዚያው ከቢራው ትርፍ ይከፈላል። ሲነግረኝ ቅጥል ብዬ ነበር። እሱ ግን የሰው ታሪክ እንደሚያወራ ረጋ ብሎ ነው የሚተርከው።

ያ ሁሉ ገንዘብ ቁጥጥር ይፈልጋል። ከላይ ነጭ ኦዲተሮች አሉ፤ ከእነሱ በታች ቢራው ውሃ እንዳይጨመርበት በርሜሉን በበትር የሚለካ ኢንስፔክተር አለ፤ ከሁሉም በታች እነ ባባ ዝዋኔ፣ ቡትቶ ለብሰው እንደ ጠጪ ተቀምጠው የሚሰልሉ። አዳራሹ ውስጥ አንዱ ሠራተኛ በመስኮት ገንዘብ ተቀብሎ የቆርቆሮ ምልክት ይሰጣል፣ ሌላው ምልክቱን ተቀብሎ ቢራ ይቀዳል። ሁለቱ ከተመሳጠሩ አንዱን ምልክት መልሰው መላልሰው ሊሸጡት ነው። ስለዚህ ሁለቱ የአንድ አገር ሰዎች አይሆኑም፣ ምሳም አብረው አይበሉም፤ ሲሳሳቁ ከታዩ አንዱ በማግስቱ ይዛወራል። አንድ አዳራሽ ውስጥ ታዲያ ባባ ዝዋኔ ቢመላለስ ቢመላለስ ምንም ጥፋት አጣ። ለአለቃው ሰዎቹ ንፁሕ ናቸው ብሎ ነገረው። አለቃው ፈገግ አለና ስንት ሰጡህ ብሎ ጠየቀው፤ ከዚያ ወዲያ በእሱም ላይ ሌላ ሰላይ መደበበት። «ልጄ፣ ሌባ የተባልኩት እውነቱን የተናገርኩ ቀን ነው» አለኝ። እኔ በዚያ ነጭ ቂልነት ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ኋላ የሰፈሩ ልጆች አዳራሹን አቃጠሉት፣ ባባ ዝዋኔም ቡትቶውን እሳቱ ውስጥ ጣለው። ዓመቱን ነግሮኝ ነበር፣ ጠፋኝ።

ሳቄ ሲያልቅ ግን ሐሳብ መጣልኝ። ከመንግሥት ቤት የወጣ ሰላይ እዚሁ ግቢ ተቀምጦልኝ! በሸምሱ ተራ በጓሮ በር የሚወጣ ዕቃ እንዳለ እይልኝ አልኩት። ባባ ዝዋኔ ጉንጩን አሻሽቶ አሻሽቶ እሺ አለ፤ ክፍያው ግን በዕቃ ይሁንልኝ፣ በየዓርቡ ስኳርና ዘይት፣ ለባለቤቴ ሱረት አለ። ሥራው በሸምሱ ተራ፣ ክፍያው በኔ ተራ ሆነ። የኔ ተራ አልቆ ስንቆጥር ጎደለ፤ ሸምሱ መደርደሪያውን አየ፣ እኔን አየ። አይጥ ነው አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ? አንተን የሚሰልል ሽማግሌ እየቀለብኩ ነው ልበለው?

ቀጥሎ የሸምሱ ተራ አለቀና ቆጠርን። ስኳር ጎድሏል። ዘይት ጎድሏል። ሱረት ጎድሏል። ሸምሱ መሬት መሬት እያየ አይጥ ነው አለኝ። ሱረት የሚወስድ አይጥ የት አገር ነው ያለው? የኔ አይጥም ሱረት ይወድ እንደነበር ለጊዜው ረስቼዋለሁ። ሮጬ ባባ ዝዋኔ ጋ ሄድኩ። ምንም አልወሰደም፣ ንፁሕ ሰው ነው አለኝ። በሌላውም ተራ ጠየቅሁት፣ ያው ንፁሕ ነው። ጉድለቱ ዓይኔ ላይ ተደቅኖ ሽማግሌው ንፁሕ ነው ይለኛል! አንድ ዓርብ በሸምሱ ተራ ድንገት ግቢ ስገባ፣ የባባ ዝዋኔ ጠረጴዛ ላይ ከሱቃችን የወጣ ስኳር አየሁ። እኔ ያልሰጠሁት ስኳር ነው። ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ ሸምሱ ይሰርቃል፣ አፍ ማዘጊያ ደግሞ ለሽማግሌው ይከፍላል። ቀኑን ሙሉ ምራቄ መረረኝ። የገዛ ወንድሜ እንዲህ ቢያደርገኝ ያን ያህል አላዝንም።

ሽርክናው ይፍረስ አልኩ። ለምን አላለኝም፤ ይህም ጥርጣሬዬን አጠናከረው። ያልሰረቀ ሰው ለምን ብሎ አይጮህም? ዕቃውን ወለሉ ላይ ዘርግተን እኩል ተካፈልን፣ ጋራዡ ለኔ ቀረ፣ እሱ ድርሻውን በባኪ፣ በዚያች ከኋላ ክፍት በሆነች ትንሽ የጭነት መኪና፣ ጭኖ ኦሬንጅ ፋርም ብቻውን ሊከፍት ሄደ። ሲሄድ በሁለት እጁ እጄን ይዞ «አውፍ በለኝ» አለኝ። ይቅር በለኝ ማለት ነው። አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተን ያሳለፍን ሰዎች ነን፣ ሙስሊሞቹ ሲለያዩ እንዲህ እንደሚባባሉ አሳምሬ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ግን፣ ካልሰረቅህ ይቅርታው ለምንድን ነው አልኩ በልቤ። አውፍ ብያለሁ አላልኩትም። እጄን ሳብኩ።

ኦሬንጅ ፋርም ሩቅ ነው፣ ታክሲ ቀያይረህ ነው የምትደርሰው። ዓመት ሳይሞላው ወንበዴዎች መጡበት። በፍርግርጉ ቀዳዳ ተኩሰው ቀኝ እጁን አገኙት፤ ደሙ ሲፈስ ሰው የደረሰለት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው አሉ። ወሬው ጄፒ ሲደርስ ለሕክምናው መዋጮ ይሰበሰብ ነበር። ስሜ እንዳይጠራ ብዬ ሰጠሁ። ልጠይቀው ግን አልሄድኩም።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት፣ ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ሳህን ይዘን ስንቀመጥ፣ አጠገቤ ያለውን የፕላስቲክ ወንበር ስቦ የተቀመጠው ሸምሱ ነው። ጢሙ ነጭ ሆኗል። ማንኪያውን የያዘው በቀኝ እጁ በተረፉት ሁለት ጣቶች ነው። «አበራ፣ አረጀህ» አለኝ። አንተስ አልኩት። ሩዛችንን እያየን በላን። እሱንም ጠርተውታል ማለት ነው፣ ሁለታችንን አንድ ላይ ምን ሊያደርጉን ነው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ኖምሳ መጣች። ያኔ የተማሪ ቤት ቀሚስ የምትለብስ ልጅ ነበረች፤ አሁን ሰፋ ያለች ወይዘሮ ናት። ከኋላዋ ያሉትን ዘመዶቿን ጠርታ አሳየቻቸው። እነዚህ ናቸው አለች በእንግሊዝኛ፣ አባታችን ሥራ ባልነበረው ጊዜ ያሳደጉን። አንደኛው ሱቅ ሲገባም ሌላኛው ሲገባም፣ ዓርብ ዓርብ ስኳርና ዘይት ቤታችን ተቋርጦ አያውቅም። ለእናቴ እንኳ ሱረቷን አይረሱም ነበር፣ ሁለቱም። ይህን ብላ እጃችንን ጨበጠችና ሌሎች እንግዶች ጋ ሄደች።

ማንኪያዬን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ሸምሱም አስቀመጠ።

«አንተ ለምን ነበር የምትሰጠው?» አለኝ።

«አንተን እንዲያይልኝ» አልኩት። «አንተስ?»

«አንተን እንዲያይልኝ።» ጢሙን ያዘ። «እኔ እንኳ አስቤውም አላውቅ። መጀመሪያ ቆጠራ ላይ ሁሉን በልኩ አስረክቤህ፣ ቀጥሎ ባንተ ተራ ጎደለ። አይጥ አልከኝ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም አልኩና፣ ይህ ሰው እንዲህ የሚጠረጥረኝ ለካ ራሱ ሌባ ሆኖ ነው ብዬ ሽማግሌውን ለመንኩት።»

«ምን ይልህ ነበር?»

«ምንም አልወሰደም ይለኝ ነበር።»

«ለኔም እንደዚያው ነበር የሚለኝ» አልኩት።

«አመንከው?»

«አላመንኩትም። አንተስ?»

እኔም አላመንኩትም ብሎ ራሱን ወዘወዘ። እንባ መጣብኝ፣ አልደበቅሁትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። የሚያስቀው ነገር ደግሞ፣ ሽማግሌው አንድም ቀን አልዋሸንም፤ እዚያ መንግሥት ቤት እንደተማረው የአንዱን ምስጢር ለሌላው ሳያወጣ፣ ለሁለታችንም እውነቱን እየነገረ ስኳሩን በላ። ይህን ለሸምሱ ስነግረው ሳቅ ጀመረው፣ እኔንም ያዘኝ። ለቀስተኞቹ ዞር ብለው አዩን።

ስንነሳ ሸምሱ፣ ያመጣኝ ልጄ ሥራ ጠርቶት ሄዷል፣ እስከ ጄፒ ታደርሰኛለህ ወይ አለኝ። ለምን አላደርስህ አልኩ። መኪና ውስጥ ቀበቶው በሁለት ጣት አልያዝ ስላለው እኔ ጎንበስ ብዬ አሰርኩለት። ሰፈሩን ለቀን ትልቁን መንገድ ስንይዝ እንደ ልማዴ መስታወቱን አየሁ፤ አንዲት ነጭ ባኪ ከኋላችን አለች። ፍጥነት ጨመርኩ፣ ጨመረች። ቀነስኩ፣ ቀነሰች። በዚህ ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ሸምሱ በዚያው ሰዓት ቤትህ የት ነው አሁን አለኝ። ልጁ ሄዷል ይለኛል፣ መኪናዬ ውስጥ ይገባል፣ ቤቴን ይጠይቀኛል፣ ባኪዋ ከኋላ ትመጣለች! ጀርሚስተን አልኩት። ውሸቴን ነው፣ ቤቴ ቤዝ ቫሊ ነው። እንዲህ ነው አለኝ።

ከተማው አፋፍ ላይ መብራት ያዘን። ባኪዋም ከኋላችን ቆመች። ሸምሱን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። የተጎዳ እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ወደፊት ያያል፣ ብርዱ ያመዋል መሰለኝ በግራው ያሻሸዋል። ከአሁን ወዲያ የሚወስድብኝ ነገር ቢኖር ይውሰደው አልኩ።

«ሸምሱ፣ ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። «ቤቴ ቤዝ ቫሊ ነው። ና፣ ቤት እንሂድ።»

«እኔም ዋሽቼሃለሁ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ልጄ የትም አልሄደም። ባኪዋን ይዞ ከኋላችን ነው። ካንተ ጋር በአንድ መኪና መሄድ አምሮኝ ነው።»